ወንበዴ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ክርስቲያን ምን ያድርግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ ልናስተምርበት ያሰብነው ነገር በየቤቱ የሚነሣ፣ ወደ ንስሐ አባት ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ የሚደርስ ጥያቄ ነው። ይኸውም ወንበዴ መሣሪያ ይዞ በመንገድ ቢቆምበት፣ ወይም በሌሊት በሩን ሰብሮ ቢገባበት፣ ክርስቲያን የሆነ ሰው ምን ሊያደርግ ይገባዋል የሚል ነው። ይስጥ ወይስ ይከልክል? ይሽሽ ወይስ ይቁም? እጁን ይሰብስብ ወይስ ይዘርጋ?

ይህ ጥያቄ የአንድ ወገን ጥያቄ አይደለም። እህሉን ሸጦ የገበያ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ የሚመለሰው ገበሬ፣ ቡና ጭኖ ረጅም መንገድ የሚጓዘው ነጋዴ፣ በአዲስ አበባ እስከ እኩለ ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ወጣት፣ በባዕድ አገር በነዳጅ ማደያና በሱቅ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ልጃችን፣ ሁሉም ጥያቄውን በልባቸው ይዘው ይሄዳሉ። እኛ ካህናትም ለታመመ ሰው በሌሊት ስንጠራ በዚያው ጨለማ መንገድ እንሄዳለንና ጥያቄው የእኛም ነው።

ነገሩን በሰላም ቀን እንድንመረምረው ያስፈለገበት ምክንያት ይህ ነው። ወንበዴ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። በዚያች ሰዓት መጽሐፍ አይገለጥም፤ ሽማግሌ አይጠየቅም፤ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ምላስ ይደርቃል። ያን ጊዜ እጅ የሚሠራው ልብ አስቀድሞ የወሰነውን ነው። በልቡ ቁጣን ሲያሳድር የኖረ ሰው እጁ ወደ ቁጣ ይሄዳል፤ በልቡ ሥርዓትን ያኖረ ሰው ግን በድንጋጤ መካከል እንኳ ሥርዓቱ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ውሳኔው የሚወሰነው በዚያች ሌሊት አይደለም፤ ዛሬ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ድምፆች ሰውን ሲያስቱ እንሰማለን። አንደኛው ድምፅ፦ ክርስቲያን ከሆንህ እጅህን አጣጥፈህ ቁም፤ ሚስትህና ልጆችህ በፊትህ ቢታረዱም ዝም በል ይላል። ሁለተኛው ድምፅ ደግሞ፦ ወንድ ልጅ ንብረቱን አያስነካም፤ የደፈረህን ሁሉ ጣለው፤ ጥለህም ፎክር ይላል። የመጀመሪያው ትዕግሥትን ይመስላል፤ ነገር ግን የባልንጀራን ነፍስ ያስረክባል። ሁለተኛው ጀግንነትን ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውን ደም ከቦርሳ ዋጋ በታች ያደርጋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ ያለፈ መንገድ ነው። እርሱንም በአራት ነገር ከፍለን እንመለከተዋለን፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ራስ ነፍስ፣ ስለ ሌላው ሰው ነፍስ፣ እንዲሁም ስለሚሸሽና ስለ ተያዘ ወንበዴ።

አንደኛ፤ ስለ ገንዘብ።

ወንበዴው የሚፈልገው ገንዘባችንን ብቻ እንደ ሆነ እንስጠው። በሚዛን አንድ ወገን ቦርሳውን፣ ሰዓቱን፣ ስልኩን አኑሩ፤ በሌላው ወገን ሁለት ነፍሳትን አኑሩ፤ የእናንተንና የእርሱን። የትኛው እንደሚከብድ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 እጀ ጠባቡን ሊወስድ ለሚፈልግ መጎናጸፊያውን እንኳ እንዲተውለት ያስተማረው ጨርቅ ከነፍስ እንደማይበልጥ ሊያሳየን ነው። ጻድቁ ኢዮብም አምስት መቶ ጥማድ በሬዎቹንና አምስት መቶ አህዮቹን የሳባ ሰዎች፣ ሦስት ሺህ ግመሎቹን ከለዳውያን በዘረፉበት ቀን በምድር ላይ ወድቆ ሰገደ። ንብረቱ ሁሉ ሲሄድ አምላኩ ከእርሱ ጋር ቀረ፤ በመጨረሻም የጠፋው ከብት በእጥፍ ተመለሰለት።

ነገር ግን ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የሚሳሳለት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ስሙ ነው። እገሌ እኮ በቅሎውን አስነጥቆ ባዶ እጁን መጣ መባልን ይፈራል። ስንቱ ሰው ለገንዘቡ ሳይሆን በጠጅ ቤት ስለሚወራው ወሬ ሞተ! ስንቱስ ለዚያው ወሬ ሲል ገደለ! እንግዲህ እናቶችና ሚስቶች ሆይ፤ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ሆይ፤ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። ተዘርፎ የመጣውን ሰው ገንዘቡስ ብላችሁ አትቀበሉት፤ እንኳን ነፍስህ ተረፈች በሉት። ስለ ሰላም ብሎ የሰጠውን ፈሪ አትበሉት። በደጃፋችሁ የምትሰነዝሩት ሽሙጥ ነገ በመንገድ ላይ የሰው ደም ሊያፈስስ ይችላልና።

በባዕድ አገር በሱቅና በነዳጅ ማደያ ለምትሠሩ ልጆቻችንም የምንለው ይኸው ነው። በመሳቢያው ውስጥ ያለው ገንዘብ የመደብሩ ነው፤ የእናንተ ነፍስ ግን የእግዚአብሔር ናት፤ ከርቀት ሆና ስልክ የምትጠብቅ የእናታችሁም ናት። መሣሪያ የያዘው ሰው ራሱ ፈርቷል፤ የፈራ ሰው ጣት ደግሞ ችኩል ነው። ስለዚህ እጃችሁን በድንገት አታንቀሳቅሱ። ወደ ኪሳችሁ ወይም ወደ መሳቢያው ከመዘርጋታችሁ በፊት ምን ልታደርጉ እንደ ሆነ በቀስታ ንገሩት። የጠየቀውን ስጡት፤ አትከራከሩት፤ አትስደቡት። መልኩንና የሄደበትን አቅጣጫ ማስተዋል ቢቻላችሁ መልካም ነው፤ ሲወጣ ግን አትከተሉት፤ በሩን ዘግታችሁ ወደ ፖሊስ ደውሉ።

ምናልባት ከባላገር ወገኖቻችን አንዱ፦ በሬ ለእኔ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የልጆቼ እንጀራ ነው፤ እርሱን ሰጥቼ በምን ልረስ? ይለን ይሆናል። እውነቱን ነው። የድሀ በሬ የድሀ ሕይወት ነው። ነገር ግን የዚህ መልሱ አንድ ሰው ብቻውን በጨለማ ከጠመንጃ አፈሙዝ ፊት መቆሙ አይደለም፤ የአገሩ ሁሉ አብሮ መቆም ነው። ኡኡ ሲባል የማይወጣ ጎረቤት ለወንበዴው ግማሽ መንገድ አግዞታል። አባቶቻችን ከብት በጠፋ ጊዜ ፈለጉን ይከተሉ፣ አውጫጭኝ ተቀምጠው ሌባውን ያወጡ የነበረው የአንዱ ጉዳት የሁሉ ጉዳት መሆኑን ስላወቁ ነው። ዛሬም ሰንበቴውና ዕድሩ ለሞተው ሰው ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ፣ ተዘርፎ በሕይወት ለተረፈው ሰው በሬ መግዣ ቢያዋጣ ምን ይከለክለዋል? የተዘረፈ ሰው ማኅበሩ እንደሚክሰው ቢያውቅ ለበሬ ብሎ አይሞትም፤ ለበሬ ብሎም አይገድልም።

ሁለተኛ፤ ስለ ራስ ነፍስ።

ወንበዴው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ እንኳ ሊገድል ቢነሣ፣ ወይም ከመጀመሪያው የመጣው ለመግደል ቢሆንስ? መጀመሪያ ማምለጥ የሚቻል ከሆነ ማምለጥ ነው። መሸሽ ነውር አይደለም። ጌታችን በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ ተሰዷል፤ ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ ቅጥር በቅርጫት ወርዶ አምልጧል። ደግሞም ይኸው ሐዋርያ ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች እስኪገድሉት ድረስ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ በተማማሉበት ጊዜ፣ ሰይፍ ገዝቶ አልጠበቃቸውም፤ ነገሩን በእኅቱ ልጅ አፍ ወደ ሻለቃው ላከ። ሻለቃውም በዚያው ሌሊት ሁለት መቶ ወታደር፣ ሰባ ፈረሰኛና ሁለት መቶ ባለ ጦር አዝዞ ወደ ቂሣርያ አሳለፈው። ይህን በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 23 እናነባለን። እንግዲህ ወደ ሕግና ወደ ፖሊስ መጮኽ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ የሐዋርያ ሥራ ነው።

ማምለጫ በሌለበትስ? እግዚአብሔር ለሙሴ በሰጠው ሕግ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ልናስተውለው የሚገባ ፍርድ አለ። ሌባ ቤት ሲቈፍር ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት መቺው የደም ዕዳ እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ እንዳለበት ተጽፏል። በሌሊትና በቀን መካከል ይህ ልዩነት ስለምን ሆነ? በጨለማ የቤቱ ባለቤት የገባው ሰው ለመስረቅ ይሁን ለመግደል፣ አንድ ይሁን አምስት አያውቅም፤ የሚደርስለትም የለም። በቀን ግን ያያል፤ ይለያል፤ ይጣራል፤ ጎረቤት ይደርስለታል። ስለዚህ ሕጉ ሌባን ሁሉ ግደል አላለም፤ ሌባውንም ከሰው ቍጥር አላወጣውም። ፀሐይ በወጣች ጊዜ የሌባው ደም እንኳ የሚጠየቅ ደም ነው። ሕጉ መቺውን የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ምን አየህ? ሌላስ መንገድ ነበረህን?

የአገራችን ሕግም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ነገር ይጠይቃል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራስን ስለ መከላከል ይደነግግ ነበር፤ እርሱን ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ነገር ግን ወሰን አድርጎለታል። ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና በእርግጥ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሊሆን ይገባል፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል ሊሆን ይገባል፤ መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር የተመጣጠነ ሊሆን ይገባል። ከልኩ ያለፈ ሰው ይጠየቃል። በሌላ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የዚያ አገር ሕግ ሌላ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ ጎረቤት የነገራችሁን ሁሉ ሕግ አድርጋችሁ አትያዙ።

እንግዲህ ለነፍሱ የተጨነቀ ሰው ቢገፋ፣ ቢይዝ፣ ቢመታ፣ የወንበዴውንም መሣሪያ ቢያስጥል ክርስትናውን አልካደም። ነገር ግን አሳቡ ማስጣል ይሁን እንጂ መግደል አይሁን፤ ማስቆም ይሁን እንጂ መበቀል አይሁን። ክንድ ከያዘ በኋላ ደረት አይፈልግ። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ የማልኮስን ጆሮ በቈረጠ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። በዚያችው ሌሊት ሐዋርያት ሁለት ሰይፍ እንደ ነበራቸው ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል፤ ጌታ ግን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘ፤ የቈሰለውንም ጠላት ጆሮ ዳስሶ ፈወሰ። ከዚህ የምንማረው ሰይፍ በቤት መኖሩ እጅን እንደማያዝዝ፣ እጅን የሚያዝዝ ክርስቶስ መሆኑን ነው።

ስለ ራሱ ብቻ ሲሆን፣ ከመግደል መሞትን የሚመርጥ ሰው ከዚህ በላይ ወዳለው መዓርግ ወጥቷል። ሁሉም በዚህ አይገደድም፤ የደረሰበትን ግን ቤተ ክርስቲያን ታከብረዋለች። ለዚህ ከአባ ሙሴ ጸሊም የበለጠ ምስክር የለንም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ይህ አባት ከመመንኮሱ በፊት ራሱ የወንበዴዎች አለቃ የነበረ፣ ጉልበቱ የሚፈራ ሰው ነበረ። በግብፅ ምድር በገዳመ አስቄጥስ በጾምና በእንባ ተለውጦ ለቅስና በቃ። በሸመገለ ጊዜ አረማውያን ገዳሙን ሊወርሩ መምጣታቸው ተሰማ። አባ ሙሴ ወንድሞቹን ሽሹ አላቸው፤ እርሱ ግን በሰይፍ የኖረ በሰይፍ እንደሚሞት ጌታ የተናገረውን ቃል እያሰበ፣ ያችን ቀን ሲጠብቅ ብዙ ዘመን እንደኖረ ነግሯቸው በቦታው ቀረ፤ በዚያም አብረውት ሊቆዩ ከወደዱት ጋር በሰማዕትነት ዐረፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። አባ ሙሴ የራሱን ነፍስ ሰጠ፤ የወንድሞቹን ነፍስ ግን አልሰጠም። ለራሱ መቆምን መረጠ፤ ለእነርሱ ሽሹ አለ። የዚህ ትምህርት ሁሉ መክፈቻ ይህ ነው። ሰው የራሱን መብት ሊተው ይችላል፤ የሌላውን ነፍስ ግን ሊተው አልተፈቀደለትም፤ የእርሱ አይደለችምና።

ሦስተኛ፤ ስለ ሌላው ሰው ነፍስ።

ከዚህ የተነሣ በሚስት፣ በልጅ፣ በሽማግሌ፣ በእንግዳ ላይ ሰይፍ ሲነሣ ዝም ብሎ ማየት ትዕግሥት አይባልም። አባታችን አብርሃም የሰላም ሰው ነበረ፤ በመሰማርያ ቦታ ጠብ በተነሣ ጊዜ ለሎጥ ለምለሙን ምድር ተወለት። ነገሥታት ሎጥን ከነቤተ ሰቡ በማረኩት ጊዜ ግን ያው የሰላም ሰው ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንት ሎሌዎቹን አስከትሎ በሌሊት ደረሰባቸው፤ ምርኮኞቹንም አስመለሰ። ለሣርና ለውሃ ያልተጣላ ሰው ለሰው ነፍስ ተነሣ። ከዚያም የሰዶም ንጉሥ ከብቱን ውሰድ ባለው ጊዜ ከክር እስከ ጫማ ማሠሪያ ድረስ አልወስድም አለ። የተነሣው ለማዳን እንጂ ለምርኮ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ። ለሌላው ሰው የሚነሣ ሁሉ በዚህ ራሱን ይመርምር፦ የተነሣሁት ላድን ነውን? ወይስ በሰበቡ ቂሜን ልወጣ?

ደግሞም ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው እናስብ። ጌታችን በዚያ ምሳሌ ወንበዴዎቹን በጥቂት ቃል አልፎ ብዙውን ነገር የተናገረው አይተው ስላለፉት ስለ ካህኑና ስለ ሌዋዊው፣ ቀርቦም ስላዳነው ስለ ሳምራዊው ነው። ዛሬም በታክሲና በአውቶቡስ ውስጥ ጩቤ ሲመዘዝ ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት ይመልሳል። ባዶ እጁን ከጩቤ ጋር ይታገል አንልም፤ ጥበብ የሌለው ድፍረት ሁለተኛ ሬሳ ይጨምራልና። ነገር ግን መጮኽ ይቻላል፤ ሰው መሰብሰብ ይቻላል፤ ፖሊስ መጥራት ይቻላል፤ የተጎዳውን ማንሣት ይቻላል፤ በፍርድ ቤት ቀርቦ ያዩትን መመስከር ይቻላል። ከወንበዴው በቀር ሁሉም ዝም ባለበት አገር ወንበዴው ንጉሥ ነው።

አራተኛ፤ ስለሚሸሽና ስለ ተያዘ ወንበዴ።

ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ስፍራ ነው። ወንበዴው ጀርባውን ባዞረ ጊዜ የመከላከል ሰዓት አልፏል። ከዚያ በኋላ ከኋላው የሚተኰስ ጥይት የበቀል ጥይት ነው። ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሊገድለው የሚያሳድደውን ሳኦልን ጀርባውን ሰጥቶ አገኘው። ሰዎቹ እግዚአብሔር በእጅህ ጣለልህ አሉት። እርሱ ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቈረጠ፤ ስለዚያችም ቅዳጅ እንኳ ልቡ መታው። ይህን በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 24 እናነባለን። ጠላት በእጅ መውደቁ ግደለው ማለት አይደለም፤ አንተን ልፈትንህ ማለትም ሊሆን ይችላል።

የተያዘውንስ? በገበያ መካከል ሌባ ሌባ ተብሎ ሲጮኽ ነገሩን ያላየው ሁሉ ድንጋይና ዱላ ይዞ ይሮጣል። የሰረቀው ምን እንደ ሆነ፣ ሰራቂውም እርሱ ይሁን ሌላ ሳይታወቅ በመቶ እጅ ይደበደባል። በመቶ እጅ የሞተ ሰው ገዳዩ ማን ነው? እያንዳንዱ እኔ አንዲት ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት ብሎ ቤቱ ይገባል፤ እግዚአብሔር ግን አንዲቷንም ምት ያውቃታል። የተያዘ ሰው ሊታሰር፣ ለሕግ ሊሰጥ ይገባል፤ የሕዝብ ቍጣ ዳኛ አይደለም።

የአባ ሙሴን ሌላ ታሪክ እዚህ ላይ እንጨምር። አንድ ጊዜ አራት ወንበዴዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ወደ በዓቱ ገቡበት። እርሱም አራቱንም በጉልበቱ ይዞ አሰራቸው፤ እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ማኅበሩንም ጠየቀ፦ እኔ ሰውን ልጎዳ አይገባኝም፤ በእነዚህ ላይ ምን ታዝዛላችሁ? ወንበዴዎቹም ይህ ሰው ያ ስሙ የተፈራው ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ልባቸው ተሰበረ፤ ንስሐ ገብተው መነኰሱ። ተመልከቱ፤ አባ ሙሴ ዝረፉኝ ብሎ እጁን አጣጥፎ አልቆመም፤ ጉልበቱን ተጠቀመ። ነገር ግን እጁ ከማሰር አላለፈም፤ ፍርዱንም ለብቻው አልያዘም። ማስቆም፣ ማሰር፣ ማስረከብ፤ የክርስቲያን ጉልበት ወሰኑ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ይቀራል። ሰው ሌላ መንገድ አጥቶ፣ የልጁን ወይም የራሱን ነፍስ ሲያድን፣ ሳይፈልግ ወንበዴው በእጁ ቢሞትስ? ምድራዊው ዳኛ ነጻ ብሎ ቢያሰናብተው ነገሩ አለቀን? አላለቀም። ቅዳሴውን የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ለኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ ለአንፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፣ በጦርነት የገደሉትን ሰዎች እንደ ነፍሰ ገዳይ ሳይቈጥር፣ እጃቸው ከደም ስላልነጻ ግን ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም እንደ ሆነ መክሯል። በወንበዴዎች ላይ በቀል ሊወጡ የሚነሡትንም ምእመናን ከሆኑ ከቍርባን፣ ካህናት ከሆኑ ከክህነታቸው እንዲከለከሉ ወስኗል። ሥጋ ወደሙን የሚያቀብል እጅና ደም ያፈሰሰ እጅ አንድ ሊሆኑ አይችሉምና።

ይህ ለጭካኔ አይደለም፤ ለፈውስ ነው። ሰው የገደለ ሰው፣ በግድ እንኳ ቢሆን፣ በሌሊት የሚነቃበት ነገር አለው። ያየውን ፊት አይረሳም። በፉከራና በመጠጥ ሊሸፍነው ቢሞክር ቍስሉ ከውስጥ ይመግላል። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባቱ ይምጣ፤ ሳይደብቅ ይንገር፤ የተሰጠውን ቀኖና ይፈጽም። ለሟቹም ነፍስ ይጸልይ፤ እናት ነበረችውና። የሟቹ ዘመዶች ደም እንዳይመልሱ በሽማግሌ በኩል ደም ማድረቅን ይፈልግ። ጎረቤቶችም አትፎክሩለት፤ አታሽሟጡትም፤ አብራችሁት ጸልዩ።

እንግዲህ ያች ሰዓት ሳትመጣ ምን እናድርግ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን አስቀድመን እንንቃ። ብዙ ገንዘብ ይዛችሁ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ፤ በባንክ ሊያድር የሚችለውን ብር በመቀነት አታሳድሩ። ገንዘባችሁን በሰው ፊት አትቍጠሩ። የበራችሁን መቀርቀሪያ አጽኑ፤ በደጃችሁ መብራት ይኑር። ልጆቻችሁ በአደጋ ጊዜ ወዴት እንደሚሸሸጉና ማንን እንደሚጠሩ አስተምሩ። መሣሪያ ያለው ሰው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 እንደሚያዝዘው ፈቃድ ያውጣበት፤ ከሕፃናትም እጅ ይሰውረው። ለወንበዴ የተቀመጠ ጥይት ሕፃን ሲጫወትበት ወይም አባት ሰክሮ ሲቈጣ የቤቱን ሰው ይገድላልና። ከቤት ስትወጡም አማትቡ፤ ጸሎታችሁን አድርሱ። በጸሎት የወጣ ሰው ቢያንስ ቁጣን ይዞ አይወጣም።

በመጨረሻም ምናልባት ይህን ቃል ከሚሰሙት መካከል ራሱ መሣሪያ ይዞ በመንገድ የሚቆም ሰው ይኖር ይሆናል። ወንድማችን ሆይ፤ አንተንም እንጠራሃለን። ከጌታችን ጋር በቀኝ የተሰቀለው ፈያታዊ ወንበዴ ነበረ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ገነት የገባው እርሱ ነው። አባ ሙሴም ወንበዴ ነበረ፤ ዛሬ ስሙ በስንክሳር ይነበባል። የወሰድኸውን መልስ፤ መሣሪያህን አስረክብ፤ ለሕግም ለንስሐም ራስህን ስጥ። በሩ አልተዘጋም።

ለእኛም ወንበዴውን እንዳንገድለው የሚያስጨንቀን ይኸው ነው። ፈያታዊ ዘየማን ከዚያች ዓርብ አስቀድሞ በአንዱ መንገደኛ የበቀል ሰይፍ ሞቶ ቢሆን፣ በቀኝ ሆኖ ጌታን የሚለምነው ማን በሆነ ነበር? በፊታችን የቆመው ወንበዴ ነገ ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ ገንዘብን እንስጥ፤ የባልንጀራን ነፍስ እንጠብቅ፤ ጀርባውን ያዞረውን እንተው፤ የተያዘውን ለሕግ እናስረክብ፤ እጃችን ቢያደፍ በንስሐ እንታጠብ። ይህን ዛሬ በልባችን እንጻፍ፤ ያች ሰዓት በመጣች ጊዜ የምናነበው እርሱን ብቻ ነውና።

አምላካችን እግዚአብሔር መንገደኛውን በመንገዱ፣ ባለ ቤቱን በቤቱ ይጠብቅልን፤ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የአባ ሙሴ ጸሊም ጸሎት አይለየን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።